አረንጓዴ የቀባሁት ማሳ

ያንን ማሳ በካርታው ላይ አረንጓዴ የቀባሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። የቡድን መሪያችን ሌላ ቀለም ሊሰጠው ሲል ተከራክሬ ያስለወጥኩት እኔው ነበርኩ። የዚያን ዕለት ከሥራ ስወጣ ሚኒባስ አልጠበቅኩም፤ ደስታዬ አላስቀምጥ ብሎኝ ከላይኛው የአርባ ምንጭ ክፍል ከሴቻ እስከ ታችኛው ሲቀላ ቁልቁለቱን በእግሬ ወረድኩት። አንድ ቤተሰብ ያተረፍኩ መስሎኝ ነበር።

የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። የመንደሩንም ስም ልተወው፤ በጫኖ በኩል፣ ሙዝና ማንጎ በመስኖ ከሚለማባቸው መንደሮች አንዱ ነው። የሚያውቁት ያውቁታል፤ ለማያውቀው ስሙ ምንም አይጨምርለትም።

ወደ መንደሩ መጀመሪያ የሄድኩት ሥራ ባጣሁበት ጊዜ ነው። የተወለድኩት ወሎ ነው፤ የከተማ ፕላን የተማርኩት ግን እዚሁ አርባ ምንጭ። ስመረቅ አባቴ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዞ መጣ፤ ጋውኔን ለብሼ አብረን ፎቶ ተነሳን። ሲሄድ "እንግዲህ ሥራ ስትይዢ እንገናኛለን" አለኝ። ክፉ አስቦ አልነበረም፤ እኔ ግን እንደ ቀጠሮ ያዝኩት። ሥራ ሳልይዝ አገሬ መግባት አፈርኩ። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ሲቀላ አንዲት ክፍል ተከራይተን ማስታወቂያ ስናሳድድ ወራት አለፉ። እነሱ አንድ በአንድ ተስፋ እየቆረጡ ወደየአገራቸው ሄዱ። ብቻዬን ስቀር ኪራዩም ብቸኝነቱም ከበደኝ።

አንዲት የማውቃት ፍራፍሬ ነጋዴ "አንድ ገበሬ ለልጁ ሒሳብ የሚያስጠና ሰው ይፈልጋል፤ ምግብና ማደሪያ ይሰጣል" ያለችኝ በዚያን ጊዜ ነው። በማግስቱ ሻንጣዬን ባጃጅ ላይ ጭኜ ሄድኩ።

ገበሬው ስድሳ ዓመት የተጠጋቸው፣ ቀጭን፣ ረጅም ሰው ነበሩ። መሬቱን በወጣትነታቸው ከጋሞ ደጋ ወርደው ቁጥቋጦ መንጥረው ያቀኑት ነው። ቦዩንም ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው ቆፍረዋል። ትልልቆቹ ልጆቻቸው ትዳር ይዘው ወጥተው ቤት የቀረችው የመጨረሻዋ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዋ ብቻ ነበረች። ባለቤታቸው አማርኛ አይናገሩም ማለት ይቻላል፤ እኔ ደግሞ ጋሞኛ አላውቅም። ከእናትየው ጋር የምንግባባው በምግብ ነበር። ሀለኮ ከሚባለው የሺፈራው ቅጠልና ከበቆሎ ዱቄት የሚሠሩትን ኩርኩፋ አቅርበውልኝ ቆመው ያዩኛል፤ ሳልጨርስ ከተነሳሁ ይቆጣሉ።

የአባትየው አማርኛ ገበያ ላይ የተለመደ አማርኛ ነው። እኔን ሁልጊዜ በወንድ ነበር የሚጠሩኝ። "ልጄ፣ ተነሳህ? በላህ?" ይሉኛል። ልጅቷ በሳቅ ትፈርሳለች፤ "አባ፣ ሴት ናት እኮ!" ትላቸዋለች። እሳቸው "እሺ፣ እሺ" ይሉና ወዲያው ይደግሙታል። እኔ እንዲታረሙ አልፈለግኩም። ከቤተሰቤ ርቄ "በላህ?" የሚለኝ ሌላ ሰው አልነበረኝም።

አንድ ዓመት ከምናምን እዚያ ኖርኩ። ወባ ሲይዘኝ ሞተር ለምነው ክሊኒክ ያደረሱኝ እሳቸው ናቸው፤ ሳምንት ሙሉ ስተኛ እናትየው ከአጠገቤ አልተለዩም። የውሃ ተራቸው ሲደርስ ከልጅቷ ጋር ቦዩን እንከፍታለን፤ ውሃው በሙዙ ግንዶች መካከል ሲሄድ ጫማችንን አውልቀን እንከተለዋለን። ሒሳብ ብቻ አይደለም ያስጠናኋት፤ ካርታ ማንበብም አስተማርኳት። "ካርታ ስታዪ መጀመሪያ ሥዕሉን አትመልከቺ፤ ጥግ ላይ ያለውን ሣጥን አንብቢ። ቀለሙ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግርሽ እሱ ነው" እላታለሁ። ቶሎ የሚገባት ልጅ ነበረች። ቲቸር ነበር የምትለኝ።

ከዚያ ፈተና ተፈትኜ ሥራ አገኘሁ። ከተማው ወደፊት ወዴት እንደሚሰፋ የሚወስን ፕላን እየተዘጋጀ ነበርና ካርታ በኮምፒውተር የሚሠራ ሰው ይፈለግ ነበር። ሲቀላ ቤት ተከራየሁ። ለአባቴ ስደውልለት ስልኩን ይዞ ለጎረቤት ሁሉ ሲያወራ ይሰማኛል።

ሥራውን ወደድኩት። ጠዋት ጠዋት ቅየሳ እንወጣለን፤ ከሰዓት በኋላ የለካነውን ኮምፒውተር ውስጥ እንጨምራለን። ከተማው በአዲሱ ፕላን ወሰኑን ወደ ሰሜን ገፍቶ የገበሬውን መንደር ይጨምራል። ይህን ካርታው ላይ ሳይ ደነገጥኩ። የመጀመሪያው ረቂቅ አካባቢውን በሙሉ ቢጫ ነበር ያደረገው። ቢጫ መኖሪያ ነው። የእሳቸው ማሳ፣ ማንጎዎቹ፣ ቦዩ፣ ሁሉም ቢጫ ውስጥ ገብቷል። በዓይኔ የመጣብኝ ሙዙ ተመንጥሮ በየመቶ ካሬ ሜትሩ የተሠራ ቤት ነው።

ለቡድን መሪያችን ነገርኩት። ከእኔ በዕድሜ ብዙ የማይበልጥ፣ ሥራ የበዛበት፣ ክፉ ያልሆነ ሰው ነው።

"ይሄ እኮ የሚያመርት መሬት ነው" አልኩት። "ከተማው የሚበላው ሙዝ ከዚህ ነው የሚመጣው። ለምን አረንጓዴ አናደርገውም?"

ካርታውን ትንሽ አየና "አረንጓዴ?" አለኝ። "አስበሽበታል?"

"አስቤበታለሁ።"

"ቢጫ ሲሆን ባለይዞታው ቢያንስ ከመሬቱ የተወሰነው በስሙ ይረጋገጥለታል። አረንጓዴ ሲሆን…" እያለ ስልኩ ጠራ። ስልኩን ዘግቶ ሲመለስ ሐሳቡ ተበትኗል። "ለነገሩ አረንጓዴ ይጎድለናል። መስፈርቱን አላሟላንም እየተባልን ነው። ካልሽ ይሁን፤ ከቦዩ ወዲህ ያለውን አረንጓዴ አድርጊው።"

ከቦዩ ወዲህ ማለት የእሳቸውና የስድስት ጎረቤቶቻቸው ማሳ ማለት ነው። ከቦዩ ወዲያ ያለው ቢጫ ሆኖ ቀረ። ስልኩ ባይጠራ ኖሮ ምን ሊለኝ እንደነበረ በኋላ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። መልሼ ልጠይቀው እችል ነበር። አልጠየቅኩትም፤ የፈለግኩትን አግኝቻለሁና።

መጀመሪያ ላይ ለብቻው "የከተማ ግብርና" ብዬ ነበር የሰየምኩት። ቀለሙም ከመናፈሻው ትንሽ የቀለለ አረንጓዴ ነበር። ካርታው ሊታተም ሲል ግን ገምጋሚዎቹ "የቀለማት ዝርዝሩ በዝቷል፤ የሚቀራረቡትን አጣምሩ" አሉ። እኔው ቁጭ ብዬ አጣመርኩ። መናፈሻውም፣ መዝናኛውም፣ እርሻውም በአንድ ቀለምና በአንድ ስም ሆኑ፦ "አረንጓዴና መዝናኛ ስፍራ"። ስጽፈው አይቼዋለሁ። የወረቀት ስም ነው ብዬ አለፍኩት። አምስት ዓመት የተማርኩት ሙያ ነው፤ አላወቅኩም ማለት አልችልም።

ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት ነዋሪው እንዲወያይበት በየቀበሌው ስብሰባ ተጠራ። በእነሱ መንደር ካርታውን የማቀርበው እኔ ነበርኩ፤ ቃለ ጉባኤ የምይዘውም እኔ። አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞልቷል። ካርታውን ግድግዳው ላይ ስሰቅል አባትየው ከፊት ወንበር ሆነው ፈገግ አሉልኝ፤ አጠገባቸው ለተቀመጠው ሰው ስለ እኔ እየነገሩት እንደሆነ ገባኝ።

ሰዉ ፈርቶ ነበር። ከወራት በፊት ጀምሮ ደላሎች "ከተማው መጣባችሁ፤ ሳይወሰድባችሁ ሽጡ" እያሉ መንደሩን ሲያምሱት ከርመዋል። አንዳንዱ ሸጧል። አንዳንዱ በችኮላ ማሳው መሃል ቤት ሠርቷል። እሳቸው ደጋግመው ተጠይቀው እንቢ ብለዋል።

ተራቸው ሲደርስ ተነሱ። "ልጄ፣ አንተ ንገረኝ" አሉ፤ አዳራሹ ውስጥ አንዳንዱ ሳቀ። "የኔ ማሳ የትኛው ነው?"

በእንጨት አመለከትኩላቸው። "ይቺ ናት አባባ፤ አረንጓዴዋ።"

"አረንጓዴ ምንድነው?"

"እርሻዎ እርሻ ሆኖ ይቀጥላል ማለት ነው። ቤት አይሠራበትም።"

"ማነው የሚነካኝ?"

"ማንም አይነካዎትም" አልኩ።

በጋሞኛ ዞረው ለሰዉ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። ምን እንዳሉ በኋላ ነው የተነገረኝ፤ "ይቺን ልጅ ቤቴ አኑሬያታለሁ፤ አትዋሸኝም፤ አትሽጡ" ነበር ያሉት። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ቃለ ጉባኤው ላይ "ነዋሪዎች ማሳቸው ለአረንጓዴ ስፍራ መመደቡን በሙሉ ድምፅ ደግፈዋል" ብዬ ጻፍኩ። ፈረሙ። መፈረም የማይችሉት ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ።

የዚያኑ ክረምት ከቦዩ ጫፍ ያለውን ጠፍ መሬት መንጥረው አዲስ የማንጎ ችግኝ ተከሉ። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ቅየሳ መረጠች። ልጠይቃቸው ስሄድ አባትየው ችግኙን እየዞሩ አሳዩኝ። "አሁን አልፈራም" አሉኝ።

ፕላኑ ከጸደቀ ሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ደብዳቤ መጣ። መዝናኛ ማዕከል ሊሠራ ያቀደ ባለሀብት ቦታ ተፈቅዶለታልና የቦታው ካርታ ተዘጋጅቶ ይላክ ይላል። የቦታውን ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ መታሁት። ምስሉ ተከፈተ። ከቦዩ ወዲህ።

ተሳስተው ነው ብዬ ደብዳቤውን ይዤ ወደ ቡድን መሪው ቢሮ ገባሁ። "ይሄ እርሻ ነው እኮ" አልኩት።

እሱ አልተገረመም። "አረንጓዴና መዝናኛ ነው የሚለው" አለኝ። "አንቺው ነሽ የጻፍሽው። አረንጓዴ ማለት የሕዝብ መገልገያ ነው። ባለይዞታው ካሳውን ወስዶ ይነሳል፤ ቦታው ላይ መናፈሻም ይሠራ መዝናኛ ፕላኑ አይከለክልም። ሰውየው ቢጫው ላይ ቢጠይቅ ኖሮ ማንም አይሰጠውም ነበር፤ እዚያ ሰው ሰፍሯል፤ ይዞታ ተረጋግጧል። እዚህ ግን ክፍት ነው።"

"ክፍት አይደለም! ሰው አለበት!"

"በካርታው ነው የምልሽ።"

ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። ከቦዩ ወዲያ ያሉት፣ ማሳቸው ቢጫ የሆነባቸው ሰዎች፣ የመሬታቸውን ከፊል በስማቸው አስረጋግጠው ቤት ሠርተዋል፤ ከጓሯቸው ሙዝ ያላቸውም አሉ። እኔ ያዳንኳቸው ናቸው የሚነሱት።

ልነግራቸው መሄድ ነበረብኝ። ነገ እሄዳለሁ እያልኩ ሁለት ሳምንት አለፈ። አንዴ ጫኖ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፍሬ መንገድ ላይ ወረድኩ። በመጨረሻ ማሳወቂያውን ያደረሰላቸው የቀበሌው መልእክተኛ ነው።

ልጅቷ ቢሮ መጣች። ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሆናለች፤ አድጋለች። በሩ ላይ ቆማ "እንደምን አደሩ?" አለችኝ። በአንቱታ ነው። ከዚያ በፊት አንድም ቀን አንቱ ብላኝ አታውቅም።

"ግቢ፣ ቁጭ በይ" አልኳት።

"አልቀመጥም። የአካባቢያችንን የመሬት አጠቃቀም ካርታ ማየት ይቻላል?"

አወጣሁላት። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ማሳቸውን አልፈለገችም፤ ቀጥታ ጥግ ላይ ወዳለው ሣጥን ሄዳ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። አረንጓዴው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ከሥር የአዘጋጁ ስም የሚጻፍበት መስመር አለ። እሱንም አነበበችው።

"ይሄ ስም የእርስዎ ነው" አለች።

"የኔ ነው።"

"አባቴ እርስዎ እርሻ ነው ብለዋል ይላል።"

"እርሻ ነበር። በኋላ ስሙ ተጣመረ። እኔ…"

"ማነው ያጣመረው?"

"እኔ ነኝ" አልኳት። "ላድናችሁ ብዬ ነው አረንጓዴ ያስደረግኩት። ቤት እንዳይሠራበት።"

ካርታውን እጥፋቱን ጠብቃ፣ ልክ እንዳስተማርኳት፣ መልሳ አጠፈችው። "ጎረቤታችን ማሳው መሃል ቤት ሊሠራ ሲል አባቴ ነው የከለከለው" አለች። "ሽማግሌ ልኮ ነው ያስቆመው። አሁን ሰውየው ቤታችን ድረስ መጥቶ ይሰድበዋል። አባቴ ወንበር አውጥቶለት ይሰማዋል።" ከዚያ አመስግና ወጣች። ማመስገኗ ከሁሉም በላይ አንገበገበኝ።

ከዚያ በኋላ የምችለውን አደረግኩ ማለት እችላለሁ። ግን የምችለው ትንሽ ነበር፣ የዘገየም ነበር። ለአባትየው የቅሬታ ማመልከቻ ጻፍኩላቸው። ለኃላፊዎች የተለየ ማስታወሻ አቀረብኩ፤ ምደባው ሲደረግ ሐሳቡ እርሻውን ለማቆየት እንደነበረ በዝርዝር አስረዳሁ። ቅሬታ ሰሚዎቹ ጠሩን። አባትየው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

ሰብሳቢው አንድ ወረቀት አንሥቶ አነበበ። "ነዋሪዎች ማሳቸው ለአረንጓዴ ስፍራ መመደቡን በሙሉ ድምፅ ደግፈዋል።" ከዚያ ወረቀቱን ወደ አባትየው አዞረው። "ይሄ ፊርማ የእርስዎ አይደለም?"

"የኔ ነው" አሉ።

"ጽሑፉስ የማን ነው?" ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

የእጄ ጽሑፍ ነበር። ቅሬታው እዚያው ላይ ውድቅ ሆነ። ማስታወሻዬን ያነሣው ሰው አልነበረም። ስንወጣ አባትየው ኮሪደሩ ላይ ቆም ብለው "የፈረምኩት ሌላ ነገር መስሎኝ ነው" አሉ፤ እኔን ሊወቅሱ ሳይሆን ለራሳቸው የሚያስረዱ ይመስል ነበር።

ለካሳ ግምት ተክሉ የሚቆጠርበት ቀን ደረሰ። በዚያ ቡድን ውስጥ እንዳልመደብ ጠየቅኩ፤ ተፈቀደልኝ። ግን ሄድኩ። ቆጣሪዎቹ ሁለት ወጣቶች ናቸው፤ አንዱ ግንዱን ነካ እያደረገ ይጠራል፣ ሌላው ይጽፋል። አባትየው ከኋላቸው ይከተላሉ። ሙዙ ተቆጠረ፤ ትልልቆቹ ማንጎዎች ተቆጠሩ። ከቦዩ ጫፍ ያለው አዲሱ ተክል ዘንድ ሲደርሱ ወጣቱ አልፎት ሄደ።

"እነዚህስ?" አሉ አባትየው።

"ገና ፍሬ አልሰጡም፤ መመሪያው አይፈቅድም" አለ ወጣቱ፤ ትሕትና ነበረው። "ከዚህ መጠን በታች ያለው አይቆጠርም አባባ።"

ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ ንገረው። ስተክል አይተሃል አይደል?"

"አይቻለሁ" አልኩ። ለወጣቱ ነገርኩት። እሱ መመሪያውን ከቦርሳው አውጥቶ አሳየኝ። የሚለው እንደሱ ነበር። ችግኙን እንዲተክሉ ያደረጋቸው የእኔ ቃል ነው ብዬ ለዚያ ልጅ ማስረዳት አልቻልኩም፤ ቢገባውስ የት ይጽፈዋል?

እናትየው ከቤቱ ደጃፍ ቆመው ሁሉንም ያዩ ነበር። ቆጣሪዎቹ ሲጨርሱ ወደ እኔ መጡ፤ በጣም ቀረቡኝ፤ እጄን ይይዙኛል ብዬ ነበር። በጋሞኛ ቀስ ብለው፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ ለረጅም ጊዜ ተናገሩኝ። አባትየው አንገታቸውን ደፉ። ልጅቷ አጠገባችን ነበረች።

"ምን አሉኝ?" ስል ጠየቅኳት።

"ምንም አላለችም" አለችኝ።

እስካሁን ምን እንዳሉኝ አላውቅም። ሌላ ሰው አልጠየቅኩም፤ የሰማሁትን ድምፅ እንኳ ሳልረሳ ለጋሞኛ ተናጋሪ ባልደረባ መድገም እችል ነበር፤ ፈራሁ።

በወሩ ቤቱ ፈረሰ፤ ሙዙ ተቆረጠ። ቦታው በቆርቆሮ ታጠረ። የመዝናኛ ማዕከሉ ግን አልተሠራም። ባለሀብቱ ብድር ዘግይቶብኛል ይላል፤ ማራዘሚያ ይጠይቃል፤ ይሰጠዋል። ጠባቂው ፍየሎች ያረባበታል። ቦዩ ወደ ማሳው የሚገባበት ቦታ በድንጋይ ስለተደፈነ ታች ያሉትም ውሃ አይደርሳቸውም። አንዳንድ ቀን በሚኒባስ ሳልፍ ፊቴን ወደ ሌላው መስኮት አዞራለሁ።

ለቤተሰቡ ምትክ ቦታ የተሰጣቸው ከከተማው ዳር፣ ዛፍ የሌለበት ድንጋያማ ተዳፋት ላይ ነው። የቤት ቦታ እንጂ የእርሻ አይደለም። አባትየው ግድግዳውን አቁመው ጣራ አለበሱት፤ ጭቃው ሳይመረግ ደከሙ። "ይሄን ጨርሼ እመለሳለሁ" ብለው ባለቤታቸውን ይዘው ደጋ፣ ከአርባ ዓመት በፊት ወደተዉት ወደ ወንድማቸው ግቢ ወጡ። ልጅቷ ተመርቃ ሌላ ዞን ሥራ ይዛለች። ሁለቴ ጽፌላት ነበር። አንዴ "ደህና ነኝ፤ አመሰግናለሁ" ብላ መለሰችልኝ።

ዘንድሮ ፕላኑ እየተከለሰ ነው። ከተማው ከታሰበው በላይ ሰፍቷል፤ ከባድ መኪና መሃል ከተማ እንዳይገባ ዙሪያውን የሚያልፍ ሰፊ መንገድ ያስፈልጋል ተብሎ መስመሩ እየተሰመረ ነበር። መስመሩን የሚሠራው አዲስ የተቀጠረ ልጅ ነው፤ እኔ አሁን አራሚው ነኝ፤ ዕድገት አግኝቻለሁ። ሥራውን ልፈትሽለት ስከፍት መስመሩ ተዳፋቱን አቋርጦ ያልፋል። የምትክ ቦታዎቹ ያሉበትን ሌላ ካርታ ደረብኩበት። የእሳቸው ግቢ መንገዱ መሃል ነው።

መስመሩ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊገፋ እንደማይችል አጣራሁ። ወደ ላይ ገደል ነው፤ ወደ ታች ከገፋነው የሚነካው ሰው ብዙ ነው። ልጁ በትክክል ነው የሠራው።

በዚህኛው ጊዜ አልዘገየሁም። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ደጋው፣ ወደ ጨንቻ የሚወጣ መኪና ያዝኩ። ሽቅብ ስንወጣ ሙቀቱ ቀረ፤ ጭጋግና ቀርከሃ መጣ። ከመኪና ወርጄ አንድ ሰዓት ያህል በእግሬ ሄድኩ። አባትየውን ከወንድማቸው ቤት ደጃፍ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። ጋቢ ደርበዋል፤ ያስላቸዋል። ሲያዩኝ ተነሱ፤ ቦታ ለቀቁልኝ። እናትየው ከውስጥ ወጥተው በአገጫቸው ሰላም አሉኝ፤ ከእንሰት የተጋገረ ቂጣ አመጡና አጠገቤ አስቀምጠው ተመለሱ።

ስለ መንገዱ ሳላዞር ነገርኳቸው። መስመሩን በጣቴ መሬት ላይ ሣልኩላቸው። ቤታቸውን ጠጠር አስቀምጬ አሳየኋቸው። ጠጠሩ መስመሩ ላይ ነበር።

ጎንበስ ብለው ተመለከቱት። "መቼ ነው?" አሉ።

"አይታወቅም። ገና ፕላን ነው። በጀት ሲገኝ ነው።"

"ዘንድሮ?"

"ዘንድሮ አይሆንም። ምናልባት አምስት ዓመት። ምናልባት አሥር። ላይሠራም ይችላል።"

"ታዲያ ቤቱን ልጨርሰው? ወይስ ልተወው?"

ይህን ጥያቄ ስብሰባ ላይ ብዙ ሰው ይጠይቀናል፤ የምንመልሰው የተለመደ መልስም አለን። "ሕጋዊ ይዞታ ስለሆነ ካሳ ይከበርለታል" እንላለን። ያንን አልመለስኩላቸውም። ጨርሱት ብላቸው ያለቻቸውን ጉልበት ለሚፈርስ ቤት ያፈሱታል፤ ተዉት ብላቸው ዕድሜ ልካቸውን ከወንድማቸው ደጃፍ ሊቀሩ ነው፣ መንገዱም ላይመጣ ይችላል።

"አላውቅም አባባ" አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ቂጣውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። በላሁ። ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው መኪና እንዳያመልጠኝ ብለው እስከ መንገዱ ሸኙኝ፤ አቀበቱ ላይ ሁለት ጊዜ ሳል አስቆማቸው። ስለ መሬት ሌላ ነገር አላነሣንም።

ሰኞ ቢሮ ገብቼ የልጁን ሥራ ትክክል ነው ብዬ ፈረምኩበት።